ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ አልታይ ሲል፦ ፎርማት ከማድረጋችሁ በፊት

ሃርድ ዲስኩን ሰክታችኋል። መብራቱ ምናልባት በርቷል። «ዚስ ፒሲ» ውስጥ ገብታችሁ ስትፈልጉት ግን የለም። እዚህ ላይ አብዛኛው ሰው ከሁለት አንዱን ያደርጋል። ወይ ደጋግሞ ይነቅላል፣ ይሰካል። ወይ ደግሞ ስክሪኑ ላይ ብቅ ያለውን መልእክት ሳያነብ «ኦኬ» ይላል። መንቀልና መሰካቱ ብዙ ጊዜ ለውጥ አያመጣም። ሳያነቡ «ኦኬ» ማለት ግን የዓመታት ፎቶና ሥራ ይዞ ሊሄድ ይችላል።

ስለዚህ ወደ ሥራው ከመግባታችን በፊት አንድ ነገር ያዙልኝ። ዲስኩ ውስጥ የምትፈልጉት ፋይል ካለ፣ ችግሩ የት እንዳለ እስክታውቁ ድረስ ፎርማት አታድርጉ። ኢኒሻላይዝም (ዲስኩን እንደ አዲስ ለመከፋፈል ማዘጋጀት) አታድርጉ። ዊንዶውስ ዲስኩን ለመጠቀም መጀመሪያ ፎርማት ይደረግ ካላችሁ «ካንስል» በሉት። ማንበብ አቃተኝ ማለቱ ነው እንጂ ዲስኩ ባዶ ነው ማለቱ አይደለም።

አንድ ዲስክ ስክሪን ላይ እስኪታይ ድረስ የሚያልፍባቸው ደረጃዎች አሉ። መጀመሪያ ኤሌክትሪክ ማግኘት አለበት። ቀጥሎ በገመዱ በኩል ከኮምፒውተሩ ጋር መነጋገር አለበት። ሲስተሙ ደግሞ ዲስክ መሰካቱን አውቆ መመዝገብ አለበት። ከዚያ ውስጡ ያለውን ፓርቲሽን (የዲስኩን ክፍፍል) እና ፋይል ሲስተም (ፋይሎቹ የተደረደሩበትን ሥርዓት) ያነባል። በመጨረሻ እንደ «ዲ» ወይም «ኢ» ያለ ፊደል ይሰጠዋል። ከእነዚህ አንዱ ከተበጠሰ ለእናንተ የሚታያችሁ ያው ነው፦ ዲስኩ የለም። መፍትሔው ግን እንደየደረጃው ይለያያል። የፊደልን ችግር ገመድ በመቀየር አትፈቱትም። የገመድን ችግርም ፎርማት አያድነውም። ስለዚህ ሥራችን የት ላይ እንደተበጠሰ መፈለግ ነው። ብዙው ማብራሪያ ስለ ዊንዶውስ ነው፤ የማክና የሊኑክስ ተጠቃሚዎች ወደ ታች የራሳችሁ ክፍል አላችሁ። ከ1 እስከ 3 ያሉት ክፍሎች ግን ለሁሉም ይሠራሉ።

1. አዳምጡት

ዲስኩን ጠረጴዛ ላይ አስተኙት። ሌላ ድምፅ ካለ አጥፉና ሰኩት። ጣታችሁን ቀስ ብላችሁ ከላዩ አሳርፉ።

ጤነኛ ሃርድ ዲስክ ሲነሳ ለስለስ ያለ እዝዝታ አለው። ጣታችሁ ሥር ንዝረቱ ይሰማችኋል፤ ከጥቂት ሰከንድ በኋላም አንድ ወጥ ይሆናል። ይህን ከሰማችሁ ኤሌክትሪክ እየደረሰው ነው፣ ሞተሩም ይሠራል ማለት ነው።

ለመነሳት ሞክሮ የሚቆም፣ እንደገና ሞክሮ የሚቆም ከሆነ፣ አብዛኛውን ጊዜ በቂ ኃይል አላገኘም። ቀጭን «ጢው ጢው» የሚል ድምፅም ከዚሁ ሊመጣ ይችላል። ሞተሩ ወይም ማንበቢያው ራስ (ከሚሽከረከረው ሰሌዳ ላይ ዳታውን የሚያነበው ክፍል) ተጣብቆ መሽከርከር ሲያቅተውም እንዲሁ ያደርጋል።

ድምፁ ከሌለ ኤሌክትሪኩ ጨርሶ አልደረሰም፦ ገመድ፣ ፖርት፣ አዳፕተር ወይም የዲስኩ ቦርድ ነው።

እኩል እየቆጠረ «ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ» የሚል ከሆነ ደግሞ ጠንቀቅ በሉ። ማንበቢያው ራስ ቦታውን መፈለግ አቅቶት እየተመላለሰ ነው። የኃይል ማነስም አንዳንዴ እንዲህ ስለሚያደርገው፣ በሌላ አጭር ገመድና በሌላ ፖርት አንድ ጊዜ ብቻ ሞክሩት። ድምፁ ከቀጠለ ንቀሉና መመሪያውን እዚሁ አቁማችሁ በቀጥታ የመጨረሻውን ክፍል አንብቡ።

ዲስካችሁ ኤስኤስዲ ከሆነ የሚሽከረከር ነገር የለውም፣ ዝም ጭጭ ነው። ከድምፅ የምታገኙት መረጃ ስለሌለ ወደሚቀጥለው እለፉ።

2. ገመዱን ጠርጥሩ

ከሁሉ በፊት የሚጠረጠር ይህ ነው። ገመድ ከውጭ ሲያዩት ደህና ይመስላል፤ ውስጡ ያለው ቀጭን ሽቦ ግን ሲታጠፍ ሲዘረጋ ይበጠሳል።

በተለይ የ2.5 ኢንች ዲስኮች ላይ ያለውን ሰፊና ጠፍጣፋ ማስገቢያ ልብ ብላችሁ እዩት። ማይክሮ ቢ ይባላል። መሰኪያው አንድ ቢመስልም መሃሉ ላይ ጎድጎድ ያለ መለያ አለው፤ አንዱ ወገን ሰፊ፣ ሌላው ጠባብ ነው። ሰፊው ወገን ኤሌክትሪኩንና የቆየውን የዩኤስቢ 2.0 መስመር ይዟል። ጠባቡ ዩኤስቢ 3.0 የሚጠቀምባቸውን ተጨማሪ መስመሮች ይዟል። ይህ መሰኪያ ለዓመታት ሲነቀል ሲሰካ ይላላል። በአንድ ጎኑ ትንሽ ከተዛነፈ መብራቱ ይበራል፣ ሞተሩ ይዞራል፣ ዳታው ግን አያልፍም። ወይም ዲስኩ ብቅ ጥልቅ እያለ ያስቸግራል። ገመዱን በጣታችሁ ትንሽ ደገፍ ስታደርጉት ከታየ፣ ስትለቁት ከጠፋ፣ ጥፋተኛው ተገኝቷል። በዚያ ሁኔታ ግን ፋይል መቅዳት አትጀምሩ። መሃል ላይ ከተቋረጠ ፋይል ሲስተሙን ሊያበላሽ ይችላል።

ብዙ ሰው የማያውቀው አንድ ዘዴ አለ። የድሮ ስልኮች የሚጠቀሙበት ተራ የማይክሮ ዩኤስቢ ገመድ የዚህ ማስገቢያ ሰፊ ወገን ውስጥ ይገባል። በዩኤስቢ 2.0 ፍጥነት ስለሚሠራ ዝግተኛ ነው፤ ለሙከራ ግን ይበቃል። በእሱ ከታየ ችግሩ የገመዱ ወይም የጠባቡ ወገን ነው፣ ዲስኩ ደህና ነው።

የዲስካችሁ ማስገቢያ ታይፕ ሲ ከሆነ ሌላ ጣጣ አለ። ለቻርጅ ብቻ የተሠሩ ገመዶች አሉ። የዳታ ሽቦ ስለሌላቸው ዲስኩ መብራቱን አብርቶ ይቀመጣል፣ ኮምፒውተሩ ግን ምንም አያውቅም። የተጠረጠረውን ገመድ ለመፈተን ስልክና ኮምፒውተር አገናኙበት። ስልኩ ቻርጅ ብቻ ካደረገና ፋይል የማዛወሪያ ምርጫውን ከፍታችሁም ፎልደሮቹ ካልታዩ፣ ለዲስክም አይሆንም።

ሁለት ገመድ እኩል ሆነው ካገኛችኋቸው አጭሩን ምረጡ። ገመድ በረዘመ ቁጥር ዲስኩ ጋ የሚደርሰው ቮልቴጅ ይቀንሳል።

3. ፖርቱና ኃይሉ

በስታንዳርዱ መሠረት ዩኤስቢ 2.0 ፖርት እስከ 500 ሚሊ አምፒር፣ ዩኤስቢ 3.0 ደግሞ እስከ 900 ሚሊ አምፒር ይሰጣል። ሃርድ ዲስክ ከሁሉም በላይ ኃይል የሚፈልገው ሲነሳ ነው። ከቆመበት ሞተሩን ለማዞር የሚወስደው ከዚያ በኋላ ከሚወስደው ይበልጣል። ስለዚህ አንዱ ፖርት ላይ አልነሳ ያለ ዲስክ ሌላው ላይ ያለ ምንም ችግር ሊነሳ ይችላል።

ዴስክቶፕ ከሆነ ከፊት ያሉትን ፖርቶች ተዉና ከኋላ ሰኩት። የኋላዎቹ በቀጥታ ማዘርቦርዱ ላይ ናቸው፤ የፊቶቹ ግን በኮምፒውተሩ ሳጥን ውስጥ በሚሄድ ገመድ የተገናኙ ናቸው። ሃብ ካለ አውጡት። የራሱ አዳፕተር የሌለው ሃብ አንዱን ፖርት ለሁሉም ነው የሚያካፍለው። ኪቦርድ ወይም ሞኒተር ላይ ያለ ፖርትም ለዚህ ሥራ አይመከርም። ውስጣቸው ሰማያዊ የሆኑ ፖርቶች አብዛኛውን ጊዜ ዩኤስቢ 3.0 ናቸው።

ትልቁ የ3.5 ኢንች ዲስክ ከዩኤስቢ በሚያገኘው ብቻ አይነሳም። 12 ቮልት የሚሰጥ የራሱ አዳፕተር አለው። አዳፕተሩ የጠፋባችሁ ከሆነ፣ ጫፉ ስለገባ ብቻ የሌላ ዕቃ አዳፕተር አትሰኩበት። ጀርባው ላይ የተጻፈውን አንብቡ። ቮልቴጁ አንድ መሆን አለበት፤ የፖዘቲቭና የኔጌቲቩ አቀማመጥም አንድ መሆን አለበት። አምፒሩ እኩል ወይም ከፍ ያለ ይሁን። ቮልቴጁ ከበለጠ የዲስኩን ቦርድ ያቃጥለዋል፣ ዳታውም አብሮ ችግር ውስጥ ይገባል።

ይህ ሁሉ ሆኖ ካልታየ ኮምፒውተሩን ሪስታርት አድርጉት። «ሻት ዳውን» አድርጎ መልሶ መክፈት አንድ አይደለም። ዊንዶውስ ላይ «ፋስት ስታርታፕ» ከበራ ሻት ዳውን ሲደረግ ሲስተሙ ከፊል ሁኔታውን አስቀምጦ ይተኛል። ሪስታርት ግን ሁሉንም ከዜሮ ያስነሳል።

ከዚያ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሞክሩት። ይህ ሙከራ ከብዙ መላምት ያድናል። እዚያ ከታየ ዲስኩ ደህና ነው፣ የምታስተካክሉት የራሳችሁን ኮምፒውተር ነው። ግን ከመመለሳችሁ በፊት ዳታውን እዚያው ኮፒ አድርጉ። አንዴ አስቸግሮ የተከፈተ ዲስክ ሁለተኛ ላይከፈት ይችላል። እዚያም በሌላ ገመድ ካልታየ ችግሩ ያለው ዲስኩ ወይም እሱን የያዘው ኬዝ (የውጭ ሽፋኑ) ላይ ነው።

4. ዲስክ ማኔጅመንት፦ እውነቱ የሚታይበት ቦታ

«ዚስ ፒሲ» የሚያሳያችሁ ሁሉን ደረጃ አልፈው ፊደል ያገኙትን ብቻ ነው። መሃል ላይ የቀሩትን አያሳይም። እነሱን የምታገኙት ዲስክ ማኔጅመንት ውስጥ ነው። የዊንዶውስን ምልክት ራይት ክሊክ አድርጉና ከዝርዝሩ «ዲስክ ማኔጅመንት» የሚለውን ክፈቱ።

ልክ ሲከፈት «ኢኒሻላይዝ ዲስክ» የሚል ትንሽ መስኮት ብቅ ሊል ይችላል። ዲስኩ ከካርቶኑ የወጣ አዲስ ካልሆነ «ካንስል» በሉት።

አሁን የታችኛውን ግማሽ ተመልከቱ። እያንዳንዱ ረድፍ አንድ ዲስክ ነው። በግራ በኩል ስሙና መጠኑ ተጽፏል፤ በቀኝ በኩል ውስጡ እንዴት እንደተከፋፈለ በሳጥን ተስሏል። የናንተን ለመለየት በመጠኑ ፈልጉት። ባለ 1 ቴራባይት ዲስክ እዚህ 931 ጊጋባይት ሆኖ ነው የሚታየው። አምራቾች በ1000 ስለሚያባዙ ዊንዶውስ ደግሞ በ1024 ስለሚቆጥር ነው፤ የጎደለ ነገር የለም። አሁንም ካጠራጠራችሁ መስኮቱን እያያችሁ ዲስኩን ንቀሉት። አንድ ረድፍ ይጠፋል። መልሳችሁ ስትሰኩት ይመለሳል። ያ ነው የናንተ። ይህን ሳታረጋግጡ ምንም አትንኩ፤ ከላይ ያለው «ዲስክ 0» አብዛኛውን ጊዜ ዊንዶውሱ ራሱ ያለበት ነው።

ረድፉን ካገኛችሁት ትልቁን ነገር አውቃችኋል፦ ገመዱ፣ ኃይሉና ድራይቨሩ (ዊንዶውስ ዲስኩን የሚያናግርበት ፕሮግራም) ሠርተዋል። ቀጥሎ ያለው በምታዩት ይወሰናል።

ሳጥኑ ከላዩ ሰማያዊ መስመር አለው፣ «ሄልዚ» ይላል፣ ፊደል ግን የለውም። ይህ ከሁሉም ቀላሉ ነው። ሳጥኑን ራይት ክሊክ አድርጉ፣ «ቼንጅ ድራይቭ ሌተር ኤንድ ፓዝስ» በሉ፣ «አድ» በሉና ፊደል ምረጡ። ወደ ፊደሎቹ መጨረሻ ያለውን ብትመርጡ ይሻላል። የመጀመሪያዎቹ ከካርድ ማንበቢያ ጋር ሊጋጩ ይችላሉ። ፊደሉን ሲያገኝ ዲስኩ ወዲያው ይከፈታል፣ ከዳታው አንዲት ነገር አይነካም።

ግራ በኩል ስሙ ሥር «ኦፍላይን» ይላል። የግራውን ሳጥን ራይት ክሊክ አድርጋችሁ «ኦንላይን» በሉት።

ሳጥኑ ውስጥ «ሮው» ተጽፏል። እዚህ ነው ብዙ ዳታ የሚጠፋው። ዊንዶውስ ፓርቲሽኑን አይቷል፣ ውስጡ ያለውን ፋይል ሲስተም ግን አላወቀውም። ከመደንገጥ በፊት ዲስኩ ቀድሞ የት ይሠራ እንደነበር አስቡ። ማክ ላይ ወይም ሊኑክስ ላይ ተፎርምቶ ከሆነ ዊንዶውስ ባያነበው አይገርምም፤ ወደ መጣበት መልሳችሁ ሰኩት። አንዳንድ ቴሌቪዥኖችም ፕሮግራም ለመቅዳት ዲስኩን በራሳቸው ዓይነት ነው የሚፎርሙት። በቢትሎከር (የዊንዶውስ የዲስክ መቆለፊያ) ተቆልፎ ከሆነ ደግሞ «ዚስ ፒሲ» ላይ የቁልፍ ምልክት ይኖረዋል፤ የይለፍ ቃሉን ወይም ባለ 48 አሃዙን የማስመለሻ ቁልፍ ይፈልጋል። ከእነዚህ አንዱም ካልሆነ ፋይል ሲስተሙ ተበላሽቷል። ሳይዘጋ («ኢጀክት» ሳይደረግ) የተነቀለ ዲስክ ላይ ይህ የተለመደ ነው። ፋይሉ ግን አብዛኛውን ጊዜ እዚያው አለ። መጀመሪያ ፋይሎቹን ማውጣት፣ ከዚያ ፎርማት ማድረግ፤ ቅደም ተከተሉ አይቀየርም።

መስመሩ ጥቁር ነው፣ «አንአሎኬትድ» ይላል። አዲስ ዲስክ ከሆነ ጤነኛ ነው፣ ገና አልተከፋፈለም። ሳጥኑን ራይት ክሊክ አድርጋችሁ «ኒው ሲምፕል ቮልዩም» በሉ። ከዚያ በፊት ኢኒሻላይዝ ይደረግ ካላችሁ «ጂፒቲ» የሚባለውን የክፍፍል ሰንጠረዥ ምረጡ። የቆየው «ኤምቢአር» ከ2 ቴራባይት በላይ ያለውን ቦታ አይጠቀምበትም። ፋይል ሲስተሙ ለዊንዶውስ ብቻ ከሆነ ኤንቲኤፍኤስ፣ ከማክ ጋር የምትጋሩት ከሆነ ኤክስፋት። ፋት 32 ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ ነጠላ ፋይል አይቀበልም።

ዳታ የነበረበት ዲስክ «አንአሎኬትድ» ካለ ግን የጠፋው የክፍፍሉ ሰንጠረዥ ነው። የመጽሐፍ ማውጫ ተቀደደ ማለት ምዕራፎቹ ጠፉ ማለት አይደለም። አዲስ ቮልዩም አትፍጠሩበት፣ ምንም አትጻፉበት።

«ኖት ኢኒሻላይዝድ» ይላል። መጠኑን እዩ። ትክክለኛው መጠን ከተጻፈ ከላይ እንዳለው የሰንጠረዥ ብልሽት ሊሆን ይችላል። መጠኑ ጨርሶ ከሌለ፣ ወይም «ኖ ሚዲያ» ካለ፣ ኮምፒውተሩ የሚያናግረው ዲስኩን ከዩኤስቢ ጋር የሚያገናኘውን የኬዙን ቦርድ ብቻ ነው፤ ውስጡ ያለው ዲስክ መልስ እየሰጠ አይደለም። ይህ የሃርድዌር ጉዳይ ነው፣ ሶፍትዌር አይፈታውም።

5. ረድፉ ጭራሽ ከሌለ፦ ዲቫይስ ማኔጀር

እንደገና የዊንዶውስን ምልክት ራይት ክሊክ አድርጋችሁ «ዲቫይስ ማኔጀር»ን ክፈቱ። «ዲስክ ድራይቭስ» እና «ዩኒቨርሳል ሲሪያል ባስ ኮንትሮለርስ» የሚሉትን ዘርጉ።

ወደ ታች የሚጠቁም ትንሽ ቀስት ያለበት ካለ ተዘግቷል ማለት ነው፤ ራይት ክሊክ አድርጋችሁ «ኢኔብል» በሉት። ቢጫ ምልክት ያለበት ካለ ራይት ክሊክ አድርጉና «አንኢንስቶል ዲቫይስ» በሉ። ቃሉ ያስፈራል፣ ግን የሚጠፋው የምዝገባው መረጃ ብቻ ነው፤ ዲስኩ ውስጥ ያለውን ፋይል አይነካም። ከዚያ ዲስኩን ንቀሉት፣ ሪስታርት አድርጉ፣ መልሳችሁ ሰኩት። ዊንዶውስ እንደ አዲስ ይመዘግበዋል።

የዩኤስቢ ኮንትሮለሮቹን ሁሉ በአንድ ጊዜ አታጥፉ። ኪቦርዱና ማውሱም በዩኤስቢ ከሆኑ አብረው ይቆማሉ፣ «የስ» የምትሉበት ነገር አይኖርም።

«አንኖውን ዩኤስቢ ዲቫይስ» የሚል ካገኛችሁና ዝርዝሩ ውስጥ «ኮድ 43» ካለ፣ ኮምፒውተሩ «ማን ነህ?» ብሎ ጠይቆ የሚረዳው መልስ አላገኘም። ድራይቨር ፍለጋ ከመሄዳችሁ በፊት ወደ ገመዱና ወደ ፖርቱ ተመለሱ፤ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ እዚያ ነው። እንዲያውም ለተራ ኤክስተርናል ዲስክ የሚያስፈልገው ድራይቨር ዊንዶውስ ውስጥ አብሮ አለ። «ድራይቨሮችህን ሁሉ በአንድ ክሊክ አዘምናለሁ» የሚሉ ፕሮግራሞችን አትጫኑ። ለዚህ ችግር አያስፈልጉም፣ ይልቁንም ሌላ ጣጣ ይዘው ይመጣሉ።

ዲስኩ ይታይና ትንሽ ቆይቶ የሚጠፋ ከሆነ የኃይል ቁጠባውን ተመልከቱ። ዊንዶውስ ሥራ የፈታ የመሰለውን ፖርት ያስተኛዋል። «ፓወር ኦፕሽንስ» ውስጥ ወደ «አድቫንስድ» ገብታችሁ «ዩኤስቢ ሰሌክቲቭ ሰስፔንድ»ን አጥፉት። ዲቫይስ ማኔጀር ውስጥም «ዩኤስቢ ሩት ሃብ»ን ከፍታችሁ «ፓወር ማኔጅመንት» በሚለው ገጽ ላይ ኮምፒውተሩ ዕቃውን እንዲያጠፋ የሚፈቅደውን ምልክት አንሱ። አንዳንድ ላፕቶፖች ላይ እነዚህ ምርጫዎች አይታዩም።

ኮምፒውተሩ የመሥሪያ ቤት ከሆነ ደግሞ ከመድከማችሁ በፊት አይቲ ክፍሉን ጠይቁ። ብዙ ድርጅቶች ለደኅንነት ሲሉ የውጭ ዲስክ እንዳይከፈት ይዘጋሉ።

ማክ ላይ

መጀመሪያ ፋይንደር ራሱ ደብቆት እንዳይሆን። የፋይንደር «ሴቲንግስ» ውስጥ «ጄነራል» እና «ሳይድባር» ላይ «ኤክስተርናል ዲስክስ» ምልክት ይደረግበት። ቀጥሎ «ዲስክ ዩቲሊቲ»ን ክፈቱና «ቪው» ውስጥ «ሾው ኦል ዲቫይስስ» በሉ። ዲስኩ ደብዘዝ ብሎ ከታየ መርጣችሁ «ማውንት» በሉት።

የአፕል ሲሊኮን ላፕቶፕ ካላችሁ፣ በ2022 ከወጣው ማክኦኤስ ቬንቹራ ጀምሮ አዲስ ዕቃ ሲሰካ ፈቃድ ይጠይቃል። «አልፈቅድም» ካላችሁት ቻርጅ ሊወስድ ይችላል፣ ዳታ ግን አያገናኝም። «ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኩሪቲ» ውስጥ ይስተካከላል።

በኤክስፋት የተፎረመ ዲስክ ሳይዘጋ ተነቅሎ ከነበረ ማክ መጀመሪያ ከጀርባ ሆኖ ይፈትሸዋል፤ እስኪጨርስ ድረስ አያሳየውም። ትልቅ ዲስክ ላይ ይህ በርካታ ደቂቃ ሊፈጅ ይችላል። መብራቱ እየተርገበገበ ከሆነ ታገሱት። ከዚህ ውጭ፣ ዲስኩ ተከፍቶ ኮፒ አልገባ ካለ ብልሽት ላይሆን ይችላል፦ ማክ ኤንቲኤፍኤስን ያነባል እንጂ አይጽፍበትም።

ሊኑክስ ላይ

«ዲስክስ» የሚባለውን ፕሮግራም ክፈቱ፣ ፓርቲሽኑን ምረጡ፣ የማጫወቻ ምልክቱን ተጫኑ። ኤንቲኤፍኤስ ዲስክ አልከፈት ካለ ብዙ ጊዜ ዊንዶውስ በደንብ ሳይለቀው ስለተነቀለ ነው። ዊንዶውስ ላይ መልሳችሁ ሰኩት፣ በሥርዓቱ «ኢጀክት» አድርጉት፣ ብዙ ጊዜ ይከፈታል። ኤክስፋትን ሊኑክስ በራሱ ከርነል (የሲስተሙ እምብርት) ማንበብ የጀመረው በ2019 ከወጣው 5.4 ነው፤ ሲስተማችሁ ከዚያ የቆየ ከሆነ ተጨማሪ ፓኬጅ ይፈልጋል።

ታየ፣ ግን ይንቀራፈፋል

ዲስኩ ከታየ በኋላ ፎልደር ሲከፈት መስኮቱ ደርቆ ከቀረ፣ ወይም አንድ ፋይል ለመቅዳት ዕድሜ ከፈጀ፣ ምልክቱ መጥፎ ነው። «ክሪስታልዲስክኢንፎ» የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም ኮምፒውተሩ ላይ ጫኑና የዲስኩን ጤና እዩ። ሦስት መስመሮችን ፈልጉ፦ «ሪአሎኬትድ ሴክተርስ»፣ «ከረንት ፔንዲንግ ሴክተር» እና «አንኮሬክታብል ሴክተር»። ለሃርድ ዲስክ ሦስቱም ዜሮ ቢሆኑ ነው ደስ የሚለው። ፔንዲንጉ ከዜሮ በላይ ከሆነ ዲስኩ ማንበብ ያቃተው ቦታ አለ። ከጊዜ ወደ ጊዜ ቁጥሩ ከጨመረ ዲስኩ እየሄደ ነው።

ሳይቃጠል በቅጠል ነው። የማይተኩትን ፋይሎች ቀድማችሁ አውጡ፣ ፊልምና መጫኛ ፕሮግራም ይቆይ። ትንንሽ ፎልደር እየመረጣችሁ ውሰዱ። ሁሉንም በአንዴ ከመረጣችሁ አንዱ የተበላሸ ፋይል ላይ ተሰክቶ ይቀራል። ቼክ ዲስክን (የዊንዶውስን የዲስክ መፈተሻ) አሁን አታሂዱ። ስሙ ፍተሻ ይመስላል፣ ግን ለማስተካከል ብላችሁ ስታዙት ዲስኩ ላይ ይጽፋል፤ ደካማ ዲስክን ለሰዓታት ያንገላታዋል። ፋይሉ ወጥቶ ካለቀ በኋላ የፈለጋችሁትን ሞክሩበት።

«ሮው» ወይም «አንአሎኬትድ» ላለ፣ ግን ድምፁ ጤነኛ ለሆነ ዲስክ፣ ሁለት ነፃ መሣሪያዎች አሉ። «ቴስትዲስክ» የጠፋውን ፓርቲሽን ፈልጎ ያገኛል፤ ፋይሎቹንም እዚያው ሆናችሁ ኮፒ ማድረግ ትችላላችሁ። «ፎቶሬክ» ደግሞ ፋይል ሲስተሙን ትቶ ፋይሎቹን በቅርጻቸው እየለየ ያወጣል። የፋይል ስምና ፎልደር አይመልስም፣ መደርደሩ የናንተ ሥራ ይሆናል። የትኛውንም ብትጠቀሙ ፕሮግራሙን በታመመው ዲስክ ላይ አትጫኑ። የተገኘውንም እዚያው አታስቀምጡ፤ በቂ ቦታ ያለው ሌላ ዲስክ አዘጋጁ።

መቼ እጃችሁን ታነሳላችሁ

ዲስኩ ወድቆ ከነበረ፣ ውኃ ከነካው፣ ወይም ያ «ጠቅ ጠቅ» ካላቆመ ከእንግዲህ አትሰኩት። ማንበቢያው ራስ ከሚሽከረከረው ሰሌዳ በላይ የሚንሳፈፈው በናኖሜትር በሚለካ ክፍተት ነው። ራሱ ከተጎዳ እያንዳንዱ ሙከራ ሰሌዳውን ይፍቀዋል፤ የተፋቀው ቦታ ላይ የነበረው ዳታ ደግሞ በማንም አይመለስም። ለዚህም ነው የብረቱን ክዳን መክፈት የማይገባው። ለዓይን የማይታይ ብናኝ ይበቃዋል። ፍሪጅ ውስጥ ማስቀመጥ ይረዳል የሚለውን ወሬም አትስሙ። ሲወጣ ውስጡ ጤዛ ይይዛል።

ድምፁ ጤነኛ ሆኖ «ኖ ሚዲያ» የሚለው ወይም ጭራሽ የማይታየው ዲስክ ግን አንድ ሌላ ተስፋ አለው። የፕላስቲኩ ኬዝ ውስጥ ዩኤስቢን ወደ ሳታ (ዲስክ ከማዘርቦርድ ጋር የሚገናኝበት መስመር) የሚቀይር ትንሽ ቦርድ አለ፤ የሚበላሸው እሱ ብቻ ሊሆን ይችላል። ኬዙን ስትከፍቱ ዲስኩ የተለመደው የሳታ ማስገቢያ ካለው ሌላ ኬዝ ውስጥ ወይም ዴስክቶፕ ላይ ሰክታችሁ መሞከር ትችላላችሁ። ሁሉም ግን እንዲህ አይደሉም። አንዳንዶቹ ዩኤስቢው የዲስኩ ቦርድ ላይ አብሮ የተበየደ ነው። ሌሎቹ ደግሞ እናንተ ፓስወርድ ባታደርጉም ዳታውን በዚያች ትንሽ ቦርድ በኩል ይመሰጥሩታል። በሌላ ኬዝ ሲሰካ «አንአሎኬትድ» ወይም «ኖት ኢኒሻላይዝድ» ካለ ዳታው ጠፋ ብላችሁ አትደምድሙ፣ ፎርማትም አታድርጉ። ኮምፒውተሩ የሚያየው የተመሰጠረውን ነው።

ወደ ዳታ ማስመለሻ ባለሙያ የምትወስዱት ከሆነ ዲስኩን ብቻውን አትውሰዱ። ዋናውን ኬዝ፣ ቦርዱን፣ ገመዱንና አዳፕተሩን አብራችሁ ያዙ። ምን እንደሞከራችሁ፣ ምን ድምፅ እንደሰማችሁ፣ ስክሪኑ ላይ ምን እንደተጻፈ በቅደም ተከተል ንገሩት። ክዳኑን የሚከፍት ከሆነ ከብናኝ የጸዳ ክፍል እንዳለው፣ ዳታው ባይመለስ ክፍያው እንዴት እንደሚሆን፣ ከመነካቱ በፊት የዲስኩን ሙሉ ቅጂ ይወስድ እንደሆነ ጠይቁት። «መጀመሪያ ፎርማት አድርጌ ልሞክረው» ካላችሁ ዲስኩን ተቀብላችሁ ውጡ።